የትራክተር ሞተር ጢስ ምን ይነግረናል?

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ አርሲ ወደሚገኙት ወላጆቼ በሄድሁ ጊዜ የአባቴን አሮጌ ትራክተር ታሞ አገኘሁት። ወቅቱ ስንዴ የሚዘራበት ነበር። ሞተሩ ሲነሣ ነጭ ጢስ ይተፋል፤ በአንድ ልክ በመምታት ፈንታ ይቆራርጣል፤ ማረሻ ሲጐትትም ጕልበት ያጣል። ከከተማ የመጣ አንድ መካኒክ ቆሞ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ፥ «ሞተሩ ተከፍቶ ካልታደሰ አይሆንም» ብሎ ሄደ። ለዕድሳቱ የሚሆነው ገንዘብ ሁለቱን በሬዎች ካልሸጥን የሚገኝ ስላልነበረ፥ አባቴ ሌሊቱን ሲያስብ አደረ። እኔም ጧት፥ «አባባ፥ በሬዎቹ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ቀን ይስጡኝ» ብዬ ለመንሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ቀንና በተከታዮቹ ቀናት የተማርሁትን ነው።

በመጀመሪያ የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ሞተር ያስገኘው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ሲሆን፥ በጀርመን አገር በአውግስበርግ ከተማ ተፈትኖ በሚገባ የሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የምትጭር ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ከ16 እስከ 18 እጅ ያህል ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ አየሩም በመጨመቁ ብቻ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በዚያች ቅጽበት ኢንጀክተር የሚባለው መርጫ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል፤ ናፍጣውም ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ በቂ አየር፥ በመጨመቅ የሚገኝ ሙቀት፥ እንዲሁም በልኩና በጊዜው የተረጨ ናፍጣ። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል በጢሱ ላይ ይታያል።

የአባቴ ትራክተር ሦስት ሲሊንደሮች አሉት። ሞተሩ በደቂቃ 1,800 ጊዜ ሲዞር፥ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል በደቂቃ 900 ጊዜ፥ ማለትም በሰከንድ 15 ጊዜ ያቃጥላል። ከሦስቱ አንዱ ሥራውን ቢያቆም ሁለቱ የእርሱንም ፒስተን እየገፉ ስለሚሄዱ፥ የሚጠፋው ጕልበት ከሲሶ ይበልጣል። መቆራረጥ የምንለውም ይኸው የአንዱ ተራ ባዶውን ሲያልፍ የሚሰማው ነው።

የጢሱን ቀለም ለመለየት ከእናቴ ማድቤት የተሻለ መምህር አላገኘሁም። ኩራዝ ክሩ ከመጠን በላይ ሲወጣ ጥቁር ጥላሸት ያወጣል፤ የሚነደው በዝቶ አየሩ ስላነሰው ነው። ሞተርም ጥቁር ሲያጤስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የአየር ማጣሪያውን ከአቧራ ማጽዳት ይገባል። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ስለሚቀንስ፥ በደጋ የሚያርስ ትራክተር ሸክም ሲበዛበት ጥቁር ማጤሱ አያስደንቅም። ደግሞ በጋለ ምጣድ ላይ ዘይት ሲንጠባጠብ ሰማያዊ ጢስ ይወጣል። ሞተርም ሰማያዊ ሲያጤስ የሚቃጠለው የሞተር ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ መካኒኮች ፋሻ የሚሏቸው የፒስተን ቀለበቶች ማለቃቸው ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ ሳይነድ ነጭ ጢስ ያወጣል። የሞተር ነጭ ጢስ ግን ሁለት ዓይነት ስለ ሆነ ያሳስታል፤ አንዱ ያልተቃጠለ ናፍጣ፥ ሁለተኛው ወደ ሲሊንደር የገባ ውኃ እንፋሎት ነው።

እኔም በዚህ ተሳስቼ ነበር። ነጩን ጢስ እንዳየሁ «ውኃ ገብቷል፤ መካኒኩ እውነቱን ነው» አልሁ። ነገር ግን ቀርቤ ባሸተትሁት ጊዜ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ፤ ዓይኔንም አቃጠለኝ። የውኃ እንፋሎት ቢሆን ኖሮ ወዲያው በጠፋ ነበር፤ ይህ ግን በግቢው ላይ ተንሳፍፎ ቆየ። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተን ብናይ ውኃው አልጐደለም፤ ዘይቱም ወተት አልመሰለም። ስለዚህ ናፍጣው ሳይቃጠል የሚወጣው ከየትኛው ሲሊንደር እንደ ሆነ መፈለግ ጀመርን።

ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ አባቴ ወደ አንደኛው ኢንጀክተር የሚሄደውን ቀጭን ቧንቧ የሚያስረውን ዳዶ በጨርቅ ሸፍኖ በቁልፍ ጥቂት አላላው። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ሞተሩም ተንገዳገደ። ይህ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ያን አጥብቆ ሁለተኛውን ቢያላላ ምንም ለውጥ አልተሰማም። ሦስተኛው እንደ አንደኛው ሆነ። እንግዲህ የሰነፈው ሁለተኛው ነበር። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተን የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ኢንጀክተር አዲስ የመዳብ ቀለበት እያደረግን አቀያየርናቸው፤ አየሩንም ከቧንቧው አስወጣን። ሞተሩ ሲነሣ የሰነፈው ሦስተኛው ሆነ! ጥፋቱ ከኢንጀክተሩ ጋር ተዛውሯል። እዚያው ሁለተኛው ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ቫልቩን፥ ፋሻውን ወይም የናፍጣ ፓምፑን በጠረጠርን ነበር።

በማግሥቱ አባቴ ኢንጀክተሩን ይዞ አዳማ ሄደ። በእጅ በሚሠራ መፈተኛ ሲሞከር እንደ ጉም በመርጨት ፈንታ ያንጠባጥብ ነበር። ጫፉ ተለውጦ ሲመለስ መቆራረጡ ቆመ፤ ነጩ ጢስም ጠፋ፤ በሬዎቹም በበረታቸው ቀሩ።

ነገር ግን ጫፉ ስለ ምን ተበላሸ? የናፍጣ ማጣሪያውን ብንፈታ ከታች ውኃና ዝገት ተጠራቅሞ አገኘን። ናፍጣው የሚቀመጥበት በርሜል በክረምት ክዳኑ ሳይጠብቅ ደጅ ይውላል። ከዚያ ከበርሜሉ እየቀዳሁ ሳላጣራ ስሞላ የነበርሁ ደግሞ እኔው ነበርሁ። ይህን ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ ጥቂት ዝም ብሎ፥ «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የበርሜሉ ዘበኛ አንተ ነህ» አለኝ።

ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቅ። ከኢንጀክተር የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ የሚገባ ኀይል ስላለው እጅን ማስጠጋት አይገባም። ሞተርን በተዘጋ ቤት ውስጥ ማስነሣት በማይታይና በማይሸት መርዝ ይገድላል። እንዲሁም ዳዶ ማላላት በኮምፒዩተር በሚታዘዙ በዘመናዊ ሞተሮች ላይ ፈጽሞ አይደረግም፤ ግፊታቸው ከአሮጌዎቹ እጅግ ይበልጣልና።

የአባቴ ትራክተር ዛሬም ጧት ሲነሣ ጥቂት ሰማያዊ ጢስ ያሳያል። ፋሻው እያለቀ ስለ ሆነ አንድ ቀን ሞተሩ መከፈቱ አይቀርም። ያ ቀን ግን ገንዘብ ተዘጋጅቶለት፥ እርሻ በሌለበት በበጋ ይሆናል። ገንዘብ የሚጠይቀውን ከመጀመር በፊት ምንም የማያስወጣውን፥ ማየትን፥ ማሽተትን፥ ማዳመጥን ማስቀደም እንደሚገባ እኔ የተማርሁት በዚያ ክረምት ነው።