አስፋልት ሳይፈርስ የሚደረግ ሽፋን፦ የትኛው ለየትኛው መንገድ?

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በመንገድ ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ከገቢያቸው ሲያዋጡ ጥያቄው መንገድ ማውጣት ነበር። ዛሬ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ቡታጅራም ከዓለም ገና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ ይገኛሉ፤ ጥያቄውም የተሠራውን ማቆየት ሆኗል። ሰበካ ጉባኤያት ለመንገድ ጥገና መዋጮ ሲጠየቁ ወይም በቅጽራቸው ያለውን አስፋልት ሲያስጠግኑ፣ በምእመናን ገንዘብ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይገባቸዋልና ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ፀሐይ ሬንጁን ታደርቀዋለች፤ የደረቀው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው የክረምት ውኃ ከሥር ያለውን የጠጠር መሠረት ያላላዋል፤ ከባድ መኪና ሲያልፍበትም ጉድጓድ ይሆናል። የሽፋን ሥራ ሁሉ ዓላማው ውኃውን ከላይ መመለስ ነው። የመሸከም ኃይል ግን አይጨምርም።

ቀላሉ፣ በውኃ የቀጠነ የሬንጅ ኢመልሽን በስሱ መርጨት ነው። ዋጋው ዝቅተኛ፣ ዕድሜውም አጭር ነው፤ አስቀድሞ በለሰለሰ አስፋልት ላይ ከተረጨም ያንሸራትታል። «ስለሪ» የሚባለው ኢመልሽን፣ ደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ፣ ውኃና ጥቂት ሲሚንቶ ተደባልቆ በስሱ የሚነጠፍ ነው። ልቅ ጠጠር ስለማይተው እግረኛና ባጃጅ ለሚበዛበት የገበያ ጎዳና ይህን እንመርጣለን። ሆኖም ልዩ ማደባለቂያ መኪና ይሻል፤ ከሥሩ የሚንቀሳቀስ ስንጥቅ ካለም ተመልሶ ይወጣል። ሦስተኛው ሬንጅ ተረጭቶ ወዲያው ጠጠር የሚበተንበትና በሮለር የሚዳመጥበት ነው። ጥቃቅን ስንጥቆችን በሚገባ ይደፍናል፣ ጎማም ይይዛል፤ ከከተማ ወጣ ላለው መንገድ ይስማማል። ጠጠሩ አቧራ ከያዘ ግን ሬንጁ አይጨብጠውም፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪና በዝግታ ካልሄደም ጠጠሩ እየተፈናጠረ መስታወት ይሰብራል።

እኛ ከሁሉ የምንፈራው ጥቁረቱን ነው። ማንኛውም ሽፋን በማግሥቱ መንገዱን አዲስ ያስመስለዋል፤ ኮሚቴውም ደስ ብሎት ክፍያ ይፈርማል። ስንጥቁ እንደ ዓሣ መረብ ከተያያዘና ቦታው ከሰረጎደ ግን መሠረቱ ተጎድቷል፤ ያ ሥፍራ ተቆፍሮ ሳይጠገን የሚፈስበት ሬንጅ ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው። ስለዚህ ከውሉ በፊት ከመሐንዲስ ጋር መንገዱን በእግር መዞር፣ ጉድጓዱን ማስደፈን፣ ቦዩንም ማስጠረግ ይቀድማል። የሥራው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ የበልግ ዝናብ ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል፤ ኢመልሽኑ ሳይጠነክር ዝናብ ከመታው ታጥቦ ወደዚያው ቦይ ይወርዳል።