በቤተ ክርስቲያን እድሳትና በቅጥር ግቢ ልማት ወቅት ምስጥንና ሌሎች ተባዮችን መከላከል

አንድ ሰበካ ጉባኤ ለእድሳት ገንዘብ ሲያሰባስብ በቅድሚያ የሚያስበው ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ቀለሙና ስለ ጉልላቱ ነው። ሥራው በሚካሄድባቸው ወራት ከወለሉ በታች ምን እንደሚቀበር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው፤ ካየነው ጉዳት ብዙው የመጣው ከሕንፃው እርጅና ሳይሆን ከእድሳቱ ራሱ ነውና።

በአንድ የገጠር ደብር የሆነውን እናስታውሳለን። ምእመናኑ ከጥሪታቸው አዋጥተው የቤተ ክርስቲያኑን በረንዳ በሲሚንቶ አሠሩ። ሠራተኞቹም የጣውላ ስብርባሪውን፣ የመወጣጫውን ባሕር ዛፍ ቁራጭና የሲሚንቶውን የወረቀት ከረጢት ከሙሌቱ አፈር ጋር ቀላቅለው ቀበሩት። ሁለተኛው ክረምት ካለፈ በኋላ የዕቃ ቤቱ ሣጥን ሲከፈት፣ ከውጭ ደኅና የሚመስለው እንጨት በእጅ ሲነካ ተፈረፈረ። አልባሳቱ ተበልተው፣ የብራና መጻሕፍቱም የእንጨት ገበታ ከውስጡ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምስጡ ከሩቅ አልመጣም፤ ከወለሉ ሥር ቀለብ ተሰፍሮለት ነበር።

ምስጥ ብርሃንንና ደረቅ አየርን ይሸሻል። ጎጆው በአፈር ውስጥ ስለሆነ እርጥበቱን ከዚያ ያገኛል፤ ወደ እንጨቱ የሚወጣውም አፈርን በምራቁ እያጣበቀ በሚሠራው፣ የእርሳስ ያህል ውፍረት ባለው መሿለኪያ ተሸፍኖ ነው። ድንጋይና ሲሚንቶ ባይበላም በስንጥቃቸው ያልፋል፣ መሿለኪያውንም በላያቸው ይለጥፋል። ስለዚህ «የእኛ ሕንፃ ብሎኬት ነው» ማለት ዋስትና አይሆንም። ዝናብ ሲጥል የሚፈላው አሸንም ክንፍ ያበቀለ ምስጥ ነው፤ አዲስ ጎጆ ሊመሠርት ወጥቶ ክንፉን ያራግፋል። የረገፈ ክንፍ በግድግዳው ሥር ወይም በመስኮቱ ደፍ ተከማችቶ ከታየ ሳይውል ሳያድር መፈተሽ ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ውኃው ሊታሰብ ይገባል። አሸንዳው የተቀደደ ወይም የቆርቆሮው ክፈፍ ያጠረ እንደሆነ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ የግድግዳውን ሥር ዓመቱን ሙሉ ያረጥበዋል። አሸንዳ መግጠምና ውኃውን ከሕንፃው የሚያርቅ ቦይ መቆፈር ከቀለም ቅብ መቅደም አለበት። ጣሪያ የሚከፈትበት እድሳትም ከመስከረም በኋላ ተጀምሮ ክረምቱ ሳይገባ ቢጠናቀቅ ይመረጣል፤ ዝናብ የጠጣ ወራጅና የጭቃ ግድግዳ በቆርቆሮ ሲታፈን ቶሎ አይደርቅም።

እንጨት ሲመረጥ አባቶቻችን ጥድንና ወይራን የመረጡበት ምክንያት እንዳለ ማስተዋል ይገባል። የጥድ ቀዩ የልብ እንጨት ምስጥን በእጅጉ ይቋቋማል፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነጣ ያለው ክፍል ግን ያው ጥድ ቢሆንም ይበላል። ዛሬ በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ፣ በተለይ ለጋው፣ በቀላሉ ይጠቃል። አቅም የሚያንስ ከሆነ ጥሩው እንጨት ለመቃንና ለመሬት ቅርብ ለሆነው ክፍል ይዋል። ቋሚውም በአፈር ውስጥ ከሚተከል በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቁም። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ ላዩን እንጂ ውስጡን አይጠብቅም፣ አፈሩንና ውኃውን ይበክላል፣ ጧፍና ሻማ በሚበራበት ቤትም ለእሳት ያጋልጣል።

ቅጥር ግቢውን ማስዋብ መልካም ነው፤ ነገር ግን አበባው ከግድግዳው ተጠግቶ ሲተከልና በየቀኑ ውኃ ሲጠጣ ለምስጡም እየተጠጣለት ነው። ከሕንፃው ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ስፍራ ጠጠር ወይም ንጣፍ ድንጋይ ቢሆን፣ የአትክልቱም አፈር ወደ መቃኑ ከፍ ባይል ይሻላል። ተቆርጦ የቀረ ጉቶ ይነቀል። የማገዶ ክምርና የተረፈ ጣውላ በግድግዳው ላይ አይደገፍ። ለመናገር የሚከብድ ቢሆንም የመቃብሩ ነገር አይዘለል፤ የእንጨት ሣጥን ከመሠረቱ አጠገብ ሲቀበር ለምስጥ ምግብ ይሆናል፤ ስለዚህ አዲስ የመቃብር ቦታ ሲለይ ከሕንፃው መራቁ ይታሰብበት።

አናጺውና የኮሚቴው አባል ሊደርሱበት የማይችሉት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም መቅደሱ ነው። ቅኔ ማኅሌቱንና ቅድስቱን በጥንቃቄ ያሳደሰ ደብር የመንበሩን እግር ሳያይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መሿለኪያን ለይቶ የማወቅን ትምህርት በቅድሚያ ልንሰጥ የሚገባው ለካህናቱና ለዲያቆናቱ ነው። በእጅ ባትሪ የመንበሩን ሥር፣ የመጋረጃውን ማንጠልጠያና የምንጣፉን ታች ማየት፣ እንጨቱንም በጣት እያንኳኩ ባዶ ድምፅ እንዳለው ማዳመጥ በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ በቂ ነው። ታቦቱ ለእድሳት ወደ መቃኞ በሚሄድበት ጊዜ ደግሞ አብሮ የሚሄደው ንዋየ ቅድሳት ሁሉ አስቀድሞ ይፈተሽ፤ አለዚያ ብሉም ነቀዙም አብሮ ተጉዞ አብሮ ይመለሳል።

ስለ መድኃኒት ጥቂት እንበል። ቀድሞ ለምስጥ ይረጩ የነበሩት እንደ አልድሪንና ክሎርዴን ያሉት ኬሚካሎች በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ስምምነት የታገዱ ናቸው። በአሮጌ መጋዘን የተገኘ ስም የለሽ ዱቄት በቤተ ክርስቲያን አይነስነስ። ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ ማንኛውም ነገር ከመረጨቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ ይጠየቅ፤ በቅርስነት የሚታወቅ ሕንፃ ከሆነማ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እድሳቱ ራሱ ፈቃድ ይሻል።

የሌሊት ወፍ ነፍሳትን ስለሚበላ ጠላት አይደለም፤ ኩሱ ግን ሥዕሉን ያበላሻል። ቀዳዳው የሚደፈነው በምሽት ከወጣ በኋላ፣ ግልገል በሌለበት ወቅት ነው። ንብ በጣሪያው ከተገኘ ንብ አናቢ ይጠራ እንጂ ጭስና መርዝ አይጣደፍ፤ በላስታ ብልብላ ጊዮርጊስ ንቦቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አብረው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ለአይጥ ደግሞ የዕቃ ቤቱ በር ሥር ያለውን ክፍተት መድፈንና የምግብ ትርፍራፊ አለማሳደር ይቅደም።

ከተቋራጩ ጋር በሚፈረመው ውል ሙሌት ከመደረጉ በፊት ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው ጉድጓዱን አይቶ እንዲፈርም የሚል አንቀጽ ይግባ። የሚሰበሰበው ንጹሕ ቁራጭ እንጨት ለቤተ ልሔም ማገዶ ይሁን፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነካው ግን ከዚያ ጋር አይቀላቀል።