ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ለየገመዱ የሚስማማ ቋጠሮ

ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ አንድን አሠራር ከነምክንያቱ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት ለመጻፍ ትችላላችሁ።

ሀ. ከማንበባችሁ በፊት

1. በቅሎ ወይም አህያ ሲጫን አይታችሁ እንደ ሆነ፣ ጭነቱ በመጫኛ እንዴት እንደሚታሰር ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።
2. አንድ ቋጠሮ «መልካም ነው» የሚባለው ምን ምን ሲያሟላ ይመስላችኋል?

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በነፋስ ኃይል የሚሄድ ጀልባ ብዙ ገመዶች አሉት። አንዱ ገመድ ሸራውን ወደ ምሰሶው ጫፍ ይሰቅላል፤ ሌላው የሸራውን የታችኛ ማዕዘን እየሳበና እየለቀቀ ከነፋሱ ጋር ያስማማል፤ ሦስተኛው ጀልባውን ከወደቡ ያስራል። ስለዚህ የጀልባው ደኅንነት በሸራው ስፋትና በምሰሶው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ አንድ ሰው በጣቶቹ በቋጠራት ትንሽ ውል ላይም የተመሠረተ ነው።

መልካም ቋጠሮ ሦስት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ ገመዱ በተወጠረ ጊዜ አይንሸራተትም። ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያበቃ ያለ ችግር ይፈታል። ሦስተኛ፣ በጨለማና በዝናብም ቢሆን በፍጥነት ሊቋጠር ይችላል። «ጠብቆ የታሰረ ሁሉ መልካም ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። ድንገተኛ ወጀብ ሲነሣ ሸራውን ቶሎ ያላወረደ ጀልባ ሊገለበጥ ይችላልና፣ በዚያች ሰዓት አልፈታም ያለ ቋጠሮ ከላላ ቋጠሮ ያላነሰ አደጋ ያመጣል። መርከበኞች ስለታም ቢላዋ ከአጠገባቸው የማይለዩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በመርከበኞች ዘንድ እጅግ የታወቀው ቦውላይን የተባለው ቋጠሮ ነው። ይህ ቋጠሮ በገመዱ ጫፍ ላይ የማይጠብና የማይሰፋ ዘለበት ይሠራል። በዚህም ከሸምቀቆ ይለያል፤ ሸምቀቆ በተሳበ ቁጥር ይጠብባልና። አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከገመዱ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብላችሁ፣ የጫፉን ወገን በዋናው ገመድ ላይ አሳልፋችሁ ትንሽ ቀለበት ሥሩ። ቀጥሎ ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ ውስጥ አውጡ። ከዚያም በዋናው ገመድ ጀርባ አዙራችሁ፣ በወጣበት ቀለበት ወደ ታች መልሱት። በመጨረሻም ዋናውን ገመድ ወደ አንድ ወገን፣ ጫፉንና ዘለበቱን ወደ ሌላው ወገን ስባችሁ አጥብቁ። የሸራው ማዕዘን ከመቆጣጠሪያው ገመድ ጋር የሚያያዘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ቋጠሮ ነው።

ይሁን እንጂ ቦውላይንም ጉድለት አለው። ገመዱ ተወጥሮ ሳለ ሊፈታ አይችልም። ገመዱ ላልቶ ሲርገበገብ ደግሞ ቀስ በቀስ ሊላላ ይችላል። ስለዚህ ጫፉን ረዘም አድርጎ መተው ያስፈልጋል። ጀልባን ከወደብ ቀለበት ጋር ለማሰር ግን፣ ገመዱን በቀለበቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዙሮ ጫፉን በዋናው ገመድ ላይ ሁለት ጊዜ መሸንቆር ይመረጣል። ጥምጥሙ አብዛኛውን ክብደት ስለሚሸከም፣ ገመዱ እንደ ተወጠረም ቢሆን ቋጠሮውን መፍታት ይቻላል።

የመቆጣጠሪያው ገመድ ሌላኛው ጫፍ በመዘውር ውስጥ ያልፋል። ነፋሱ ገመዱን ከሰውየው እጅ ቢነጥቀው፣ ጫፉ ከመዘውሩ ሾልኮ ይወጣል፤ ሸራውም ሊደረስበት በማይቻል ስፍራ እየተርገበገበ ይቀራል። ይህ እንዳይሆን ጫፉ ላይ የስምንት ቁጥርን ቅርጽ የያዘ ቋጠሮ ይደረጋል። ቋጠሮው ከመዘውሩ ቀዳዳ ስለሚበልጥ ገመዱን ያግደዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ሪፍ ኖት በተባለው ቋጠሮ ነው። ቀኙን ጫፍ በግራው ላይ፣ ቀጥሎም ግራውን በቀኙ ላይ አድርጎ ይቋጠራል፤ የጫማችሁም ማሰሪያ የዚህ ወገን ነው። ነፋስ ሲበረታ ሸራው በከፊል ይጠቀለልና በዚህ ቋጠሮ ይታሰራል፤ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ሆኖም ሁለት ገመዶችን ለመቀጠል ፈጽሞ አይሆንም። ከጫፎቹ አንዱ ወደ ጎን ቢሳብ ቋጠሮው ተገልብጦ ይሾልካልና። ክሊፎርድ አሽሊ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ የቋጠሮ መጽሐፍ፣ ይህ ቋጠሮ ያለ ቦታው እየገባ የብዙ ሰዎችን ሕይወት ሳያጠፋ እንዳልቀረ አጥብቆ አስጠንቅቋል። ጥፋቱ ግን ያለ ቦታው የተጠቀመበት ሰው ነው እንጂ የቋጠሮው አይደለም። ውፍረታቸው የተለያየ ሁለት ገመዶች ሲቀጠሉ የወፍራሙ ጫፍ ይታጠፋል፤ ቀጭኑ በእጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ከኋላ ከዞረ በኋላ በራሱ ሥር ይያዛል።

የገመዱም ጠባይ መታወቅ አለበት። ናይለን ስለሚለጠጥ የማዕበልን ግፊት ያበርዳል፤ ስለዚህ ለወደብ ማሰሪያ ይስማማል። ፖሊስተር ግን እምብዛም ስለማይለጠጥ ሸራን ለመስቀል ይመረጣል። ደግሞም ማንኛውም ገመድ በተቋጠረበት ቦታ በኃይል ስለሚታጠፍ ጥንካሬው ይቀንሳል።

እንግዲህ ብልህ መርከበኛ «የትኛው ቋጠሮ ይበልጣል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህ ገመድ ምን ይሠራል? መቼስ ይፈታል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ።

ሐ. የቃላት ፍች

ውል — የተቋጠረ ነገር መያዣ፤ የክር ወይም የገመድ መነሻ፤ ስምምነት
ወጀብ — ዝናብ የቀላቀለ ኃይለኛ ነፋስ
ዘለበት — ክብ ሆኖ የተሠራ ማያያዣ
መዘውር — ገመድ የሚሽከረከርበት መንኰራኵር

መ. ማስታወሻ

ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ የቋጠሮን ሥራ ይሠራሉ። «ስለዚህ» ውጤትን ያስከትላል፤ «ይሁን እንጂ» እና «ሆኖም» ተቃራኒ ሐሳብን ያመጣሉ፤ ከግሥ በኋላ የሚገባው «-ና» («ሸምቀቆ ይጠብባልና») ምክንያትን ይገልጻል። እነዚህም እንደ ቋጠሮው በየቦታቸው ካልገቡ ሐሳቡ ይሾልካል።

ሠ. መልመጃ

1. የመልካም ቋጠሮ ሦስት ጠባዮች ምን ምን ናቸው? ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ምን ሊደርስ እንደሚችል በምሳሌ አስረዱ።
2. ቦውላይን ከሸምቀቆ የሚለየው በምንድን ነው?
3. ጸሐፊው «ጥፋቱ የቋጠሮው አይደለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?
4. «ውል» የሚለውን ቃል በሦስት ልዩ ልዩ ፍች እያስገባችሁ ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ።
5. ከምንባቡ ውስጥ በመነሻው «ስለ-» ያለባቸውን ሁለት ግሦች አውጡ፤ ምክንያቱንና ውጤቱን ለይታችሁ አመልክቱ።
6. አንድ ሜትር ገመድ ይዛችሁ፣ አንዱ ተማሪ የቦውላይንን አሠራር ያንብብ፤ ሌላው እየሰማ ይቋጥር። ቋጠሮው ካልተሳካ፣ ከቋጣሪውና ከአንባቢው የማን ስሕተት እንደ ሆነ ተወያዩ።

ረ. ድርሰት

በአካባቢያችሁ ጭነት የሚጫንበትን፣ ከብት የሚታሰርበትን ወይም የቤት ማገር የሚጠፈርበትን መንገድ አስተውሉ። አሠራሩን «በመጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ ከዚያም፣ በመጨረሻም» እያላችሁ በሦስት አንቀጽ ጻፉ። እያንዳንዱ ድርጊት ለምን እንደሚደረግ መግለጽ እንዳትዘነጉ።