ስለ ኮሶ መድኃኒትነትና ስለ ጕዳቱ

በሰሜን ጎንደር ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ኮሶን ያውቃል። ነገር ሲከፋብን እንኳ «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ስለዚህ ዛፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን በቤተ ሰባችን የደረሰ ነገር ነው።

ታላቅ ወንድሜ በደባርቅ አጠገብ በእርሻ ሥራ ይኖራል። ባለፈው ክረምት ሆዱን ስላመመው እንደ ልማዱ ኮሶ ጠጣ። ኮሶው በቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የቈየ ነበርና ትሉ አልወረደለትም። በሳምንቱ ከገበያ አዲስ ኮሶ አስመጣና «የፊተኛው አንሶኝ ነው» ብሎ እጥፍ አድርጎ ጠጣ። ከቀትር በፊት ማስመለስ ጀመረው፤ ወደ ማታ መቆም አቃተው፤ ዓይኑም ፈዘዘ። ጎረቤቶች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ፤ ዓይኑ ግን ለብዙ ቀን ጭጋግ እንደ ጋረደው ሆኖ ቈየ።

አያቴ ይህን ሰምተው «አባቶቻችን በኮሶ ኖረዋል፤ ኮሶ መድኃኒት እንጂ መርዝ አይደለም» አሉ። እኔም እውነቱን ለማወቅ መምህራንን ጠየቅሁ፤ መጻሕፍትም አነበብሁ።

በመጀመሪያ ኮሶ መድኃኒት ነው ማለት ሐሰት አይደለም። ዛፉ በደጋ የሚበቅልና እስከ 20 ሜትር የሚረዝም ነው። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ሲሆኑ፣ ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ ጧት በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1770 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ ይህን አይቷል፤ በ1790 ባሳተመውም መጽሐፍ ስለ ዛፉ ጽፏል። በ1791 ግሜሊን የተባለ የጀርመን ሊቅ ዛፉን «ሀጌንያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። በኋላም አበባው ወደ አውሮፓ እየተላከ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

ሁለተኛ፣ ትሉ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል በሣር ላይ ይቀራል። ከብት ሣሩን ሲግጥ ዕንቍላሉ በሆዱ ይፈለፈልና በሥጋው ውስጥ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ተጣብቆ ያድጋል፤ ብዙ ሜትርም ይረዝማል። ኮሶ ትሉን አድክሞ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል። ነገር ግን ራሱ ከአንጀት ካልተነቀለ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ያድጋል።

ሦስተኛ፣ ጕዳቱ ከምን ይመጣል? ትሉን የሚያደክመው ነገር ሲበዛ ሰውንም ይጎዳል። አያቶቻችን ኮሶን የሚሰፍሩት በእፍኝ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ እፍኝ ኃይል ከሌላው እፍኝ ኃይል ጋር አይተካከልም። የቈየ አበባ ኃይሉ ይደክማል፤ አዲሱ ብርቱ ነው። ወንድሜ የተሳሳተው በዚህ ነበር፤ በደካማው ኮሶ ለክቶ ብርቱውን እጥፍ አድርጎ ጠጣ። በአገራችን የሠሩ ሐኪሞች ኮሶ አብዝተው ከጠጡ ሰዎች መካከል የዓይናቸው ብርሃን የጠፋ እንዳሉ ጽፈዋል። ነፍሰ ጡር ሴትም ፅንሱን ሊያስወርዳት ስለሚችል ከቶ መጠጣት የለባትም። ለሕፃናትና ለደካሞችም አደገኛ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። መጠናቸው በሚዛን የታወቀ ስለ ሆነ፣ ሐኪም አይቶ ሲያዝዛቸው ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ መዋጥ ይበቃል። ከመድኃኒቱም የሚበልጠው መጠንቀቅ ነው። ሥጋን አብስለን እንብላ፤ በቄራ ከተመረመረ በቀር አንግዛ፤ በየቤታችን መጸዳጃ ጕድጓድ እንቈፍር። በ1947 ዓ.ም. በከተማችን የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ሰዎች መካከል የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ነበሩ። ሥራቸውም በሽታን ከመምጣቱ በፊት መከላከል ነበር። መጸዳጃ ሳንቈፍርና ጥሬ ሥጋ መብላት ሳንተው መድኃኒት ብቻ ብንውጥ፣ በሩን ከፍተን ሌባ እንደ ማባረር ይሆንብናል።

ይህን ጽሑፍ ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «እንግዲያስ ኪኒኑን ውጡ፤ ዛፉን ግን እንዳትቈርጡት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኮሶ ለሳንቃ እየተባለ ሲቈረጥ ኖሯልና በብዙ ስፍራ እያነሰ ሄዷል። ስለዚህ እናንት የክፍል ጓደኞቼ፣ ዛፉን ተክላችሁ አሳድጉት፤ በጽዋው ግን አትድፈሩ። ወላጆቻችንም ሆዳቸውን ሲያማቸው እፍኝ ከመስፈር ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ በትሕትና እለምናለሁ።