ከኩባንያ ወደ ምርምር ብሻገር?

ጥያቄ፦ የነገሌ ቦረና ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ወደ ምርምርና ማስተማር ብሻገር ልምዴ ባክኖ ይቀራል?

መልስ፦ አይባክንም፤ ፕሮግራም መጻፍ ለምርምርም ለማስተማርም ያገለግላል። በእናታቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰን በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የአልጎሪዝም ተመራማሪ ናቸው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አዲስ ኮደርም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፕሮግራሚንግ ያስተምራል።

ለእርስዎ የሚቀርበው ምሳሌ ግን እዚያው ቦረና አለ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አርብቶ አደሩ የሚገዛው የእንስሳት መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ይለካል፤ ልኩ ከተወሰነው በታች ከወረደ ካሳ ይከፈላል። መነሻው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጥናት ነው፤ ለገበያ ያቀረበው ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ነው።

ችግሩ ከብት የማይበላው ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ ለምለም መሆኑ ነው። ሣሩን ከቁጥቋጦው የሚለይ ፕሮግራም መጻፍ ጥሩ የማስተርስ ርእስ ይወጣዋል፤ ግጦሹን እያየ ያደገ ሰው ደግሞ ስሕተቱን ቶሎ ይይዛል።

የመምህር ደመወዝ ከኩባንያው ሊያንስ ስለሚችል ሥራዎን ወዲያው አይልቀቁ። ትምህርቱን በማታ ይጀምሩ፤ እዚያው አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲንም በትርፍ ጊዜዎ አንድ ኮርስ ለማስተማር ይጠይቁ።