ሞተሩ ጠፋ ማለት አውሮፕላኑ ወደቀ ማለት አይደለም

ብዙ ሰው አውሮፕላንን አየር ላይ የሚያቆየው ሞተሩ ይመስለዋል። ሸክሙን የሚችሉት ግን ክንፎቹ ናቸው፤ ለእነሱ የሚያስፈልጋቸው ፍጥነት ነው፤ ሞተር ሲጠፋም ከፍታን እየቀነሱ ፍጥነትን መጠበቅ ይቻላል። አራት ሰው የምትይዘው ሴስና 172 አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ከበረረች፣ ነፋስ በሌለበት 1 ኪሎ ሜትር እስክትወርድ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት ትሄዳለች። የሐዋሳ ሐይቅ ወርዱ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከውኃው 1,000 ሜትር ከፍ ብላ መሐል ላይ ሞተሯ ቢቆም እንኳ ዳር ትደርሳለች። ይህን ዕድል የሚያበላሸው የደነገጠ እጅ ነው። አብራሪው ከመሬት የሚርቅ መስሎት መሪውን ወደ ደረቱ ይስባል፤ አፍንጫዋ ቀና ትላለች፣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ከዚያ ክንፉ መሸከሙን ያቆማል። አውሮፕላን የሚወድቀው ያኔ ነው።

«ሐዋሳ እኮ ከፍታ ላይ ናት» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ በምትርቅ ከተማ፣ በሞቃት ከሰዓት፣ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለው ሞተር ሩብ ያህል ኃይሉን ያጣል፤ አውሮፕላኗም ቀስ ብላ ነው የምትወጣው። ስታርፍም መሬቱ ከለመደው በላይ ስለሚሮጥበት አብራሪው የፈጠነ ይመስለውና መሪውን ይስባል። ስለዚህ ከፍታው ክርክሩን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ዓይንን ትቶ የፍጥነት መለኪያውን ማመን ይበልጥ ግድ ይሆናል። «ታዲያ ገና ሲነሳ ሞተሩ ከጠፋ ለምን ወደ ማኮብኮቢያው አይመለስም?» ለሚለው ደግሞ መልሱ መታጠፉ ራሱ ነው፦ በ45 ዲግሪ የዘነበለ ክንፍ ላለመውደቅ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ገና የተነሳ አውሮፕላን ደግሞ ለዚያ የሚበቃ ከፍታ የለውም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ ርግቦች ገቡበት። ሊመለስ ሞክሮ አልደረሰም፤ ሜዳ ላይ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ሐዘኑ ከባድ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ሞተሮች ከድተውት 69 ሰው ተርፏል። አባ ኮዳ የተባለው ወፍ ከዓሣ ገበያው በማይጠፋባት ሐዋሳ ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ትንሿ አውሮፕላን ያላት አንድ ሞተር ብቻ ነው። የሚያበሩ ከሆነ፣ ከየትኛው ከፍታ በታች ሞተር ቢጠፋ ፊት ለፊት እንደሚያርፉ ጎማው ሳይንቀሳቀስ ይወስኑ፤ ድምፅዎን አውጥተውም ይናገሩት።