የአንጀት መበሳት

ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ከኮረብታዎቹ አንዱ በሆነው በሙላጎ ላይ የዩጋንዳ ታላቁ ሆስፒታል ይገኛል። በኮረብታዎቹ ግርጌ ደግሞ እንደ ብዋይሴ ያሉ ረግረጋማ ሠፈሮች አሉ። በእነዚህ ሠፈሮች የከርሰ ምድር ውሃ ለምድር ገጽ እጅግ የቀረበ በመሆኑ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ እድፍ በቀላሉ ወደ ምንጭ ይሰርጋል። ይህ ዐይነቱ ውሃ ሰዎችን ለቀዶ ሕክምና ከሚዳርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

የአንጀት ግድግዳ ሲበሳ በውስጡ ያለው ምግብ፣ አየርና ተሕዋስያን ወደ ሆድ ዕቃ ይፈስሳሉ። ሕመምተኛውን በድንገት ከባድ ሕመም ይይዘዋል፤ ሆዱም እንደ ሳንቃ ይደርቃል። ፈጥኖ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ መርዙ በደም ተሠራጭቶ ሊገድለው ይችላል።

የመበሳቱ መንስኤ እንደ ዕድሜ ይለያያል። ከጨቅላ ሕፃናት መካከል ይበልጥ የሚጠቁት ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱት ናቸው። አንጀታቸው ገና ያልጠና በመሆኑ ይቆጣል፤ ከፊሉም ሞቶ ይበሳል። የእናት ጡት ወተት ይህን አደጋ ሲቀንስ፣ የጣሳ ወተት ግን ያባብሰዋል። አንዳንድ ሕፃናት ደግሞ አንጀታቸው ከማሕፀን ጀምሮ ተዘግቶ ይወለዳሉ፤ መውጫ ያጣው ነገር ተጠራቅሞ አንጀቱን እስኪበሳው ድረስ ይወጥረዋል።

በአዋቂዎች ዘንድ የጨጓራ ቁስል፣ የትርፍ አንጀት መቆጣት፣ የስለትና የጥይት ጉዳት የታወቁ ምክንያቶች ናቸው። ብዙዎች እንደ ቀላል ነገር የሚቆጥሩት አስፕሪን እንኳ ያለ ልክ ሲወሰድ ጨጓራን ያቆስላል።

በዩጋንዳ ግን ልዩ ትኩረት የሚሻው የአንጀት ተስቦ፣ ማለትም ታይፎይድ ነው። ተሕዋሱ በተበከለ ውሃና ምግብ ገብቶ የትንሹን አንጀት መጨረሻ ያቆስላል። ሕክምና ሲዘገይ፣ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ፣ ቁስሉ አንጀቱን ሊበሳው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በምዕራብ ዩጋንዳ በካሴሴ አውራጃ በተነሣው ወረርሽኝ አንጀታቸው የተበሳ ሕሙማን ከ200 በላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በሽታው ካምፓላን መታ። በበሽታው የተጠረጠሩት ሰዎች ከ10,000 በላይ ሲሆኑ፣ መርማሪዎች መነሻውን የተከታተሉት በገበያ አካባቢ እስከሚሸጠው ውሃና የፍራፍሬ ጭማቂ ድረስ ነው። ውሃው በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥና ለዐይን ጥሩ የሚመስል ስለ ነበረ ገዢው አይጠራጠርም ነበር።

ቀዶ ሐኪሙ የተበሳውን አንጀት ይሰፋል፤ የሞተውንም ክፍል ቆርጦ ያወጣል። ታካሚው ድኖ ወደ ሠፈሩ ሲመለስ ግን ውሃ የሚቀዳው ብዙ ጊዜ ከዚያው ምንጭ ነው።